የቡሬ ጫንቃና ተቀላቢዎቹ

ገብረማርያም በዚህች ምድር ላይ የናቀው ነገር ቢቆጠር ከፎገራ ሜዳ ሣር ይበልጣል። የወረታን ባጃጅ ነጂዎች ይንቃል፤ ተቀምጠው ስለሚበሉ። የግብርና ባለሙያዋን ይንቃል፤ እርፍ ጨብጣ ስለማታውቅ። ነጋዴን ሁሉ ይንቃል፤ የሚሸጠውን ራሱ ስላላበቀለው። የአንበሳሜን ሰው በጅምላ ይንቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን እርሱም ከረሳው ቆይቷል። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን አንዲት ወፍ ነበረች።

ወፏን አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ላባዋ ቡናማ፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ዓይኗ ዙሪያውን በቢጫ የተከበበ መዥገር ለቃሚ ናት። ከበሬ ጀርባ አትወርድም። በሬው ሲሄድ አብራው ትሄዳለች፤ ሲተኛ ጎኑ ላይ ትንጠላጠላለች። ጆሮው ውስጥ አንገቷን ሰዳ፣ ጭራው ሥር ገብታ፣ ጠግቦ የተነፋውን መዥገር ነቅላ ትውጠዋለች። ከብት ያለው ሰው ሲያያት እንዳላየ ያልፋል፤ እረኛም ድንጋይ አይወረውርባትም። ለምን ቢሉት «ሥራ ላይ ናት» ይላል።

ገብረማርያም ግን ባያት ቁጥር ደሙ ይፈላል። «ተቀላቢ!» ይላታል። «ማሳ የላት፣ ጎተራ የላት፣ በሰው በሬ ጀርባ ተቀምጣ ትበላለች። እኔ ሠርቶ የማይበላ ፍጡር አልወድም።» ይህን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ከማሳው ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር በክርኑ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን ባንዱ ላይ ጭኖ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ወዳድ ሰው እንዴት እንደኖረ ማወቅ ደግ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። በጎልማሳነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሶ «ያ ሙቀት ለሰው ልጅ አልተፈጠረም» አለ። ጓደኞቹ እስከ ኅዳር ማለቂያ ቆይተው መጡ። ከዚያ ማናዬን አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። ርብ ወንዝ ዳር የሚያርሰው መሬት በማናዬ አባት በኩል የመጣ ነው። ቤቱን ጎረቤት በደቦ ሠራለት፤ ምሰሶ ሲተከል እርሱ ከጥላ ጥላ እየተዘዋወረ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» ይል ነበር። ያለው አንድ በሬ ቡሬም ማናዬ ስትዳር ከአባቷ ቤት ነድታ ካመጣቻት ላም ዘር የተወለደ ነው። ሰው ፊት ግን «ቤቴ፣ መሬቴ፣ በሬዬ» ሲል አፉን ሞልቶ ነው። ማናዬም ትሰማዋለች፤ ሰምታም ሥራዋን ትሠራለች።

አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይሆናል። ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ሁለት ቀን የአንዱ መሬት፣ ሁለት ቀን የሌላው ይታረሳል። የገብረማርያም መቀናጆ ዘመኑ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ከመናገሩ በፊት ረዘም አድርጎ የሚያስብ ሰው ነው። ዳልቻ የሚባል አመድማ በሬ ነበረው። ጥጃ ሳለ እናቱ ሞታበት፣ ዘመኑ ከጎረቤት ላም ወተት እየለመነ በጣቱ አጥብቶ አሳድጎታል። ከዳልቻ በቀር ሀብት የሚባል የለውም።

ሰባት ዓመት ተቀናጁ። በሰባቱም ዓመት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ የመጀመሪያው ተራ የገብረማርያም ነው። «ታላቅ ይቀድማል» ይላል። በራሱ ተራ ቀንም እርፍ የሚጨብጠው ዘመኑ ነው፤ ገብረማርያም ወገቡን ያመዋላ። ይህ የወገብ ሕመም በግንቦት ይነሣና ሰርግ በሚበዛበት በጥር ድራሹ ይጠፋል፤ እስክስታ ላይ ያየው ሁሉ ይመሰክራል። ዘመኑ ይህን አይቶ ምንም አይልም። ገብረማርያምም የሰውየውን ትዕግሥት ከሞኝነት ቆጥሮ ይንቀዋል። ወፏን «ተቀላቢ» ሲል ዘመኑ አንድ ቀን ቀና ብሎ አየውና መልሶ ወደ ትልሙ አቀረቀረ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ በግንቦት አጋማሽ ጣለ። የፎገራ ሰው ሩዝ የሚዘራው ከውሃ ጋር እሽቅድምድም ይዞ ነው፤ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ከመዋጡ በፊት ያላረሰ ዓመቱን የሰው እጅ ያያል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። እንደ ልማዱ የገብረማርያም ተራ ቀደመ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የቡሬ ጫንቃ በቀንበር ተልጦ ቆሰለ።

«ቀንበሩ ነው» አለ ዘመኑ፣ እንጨቱን በመዳፉ እየዳሰሰ። «እዚህ ጋ ጓጎላ አለው። አምናም ነግሬዎት ነበር አያ ገብረማርያም። ጓጎላውን ልላገውና ሁለት ቀን እናሳርፈው፤ ይደርቅለታል።»

«ሁለት ቀን? የማን ተራ ተነክቶ?»

«ከኔ ተራ ይታሰብ።»

ገብረማርያም ይህን ደግነት ሲሰማ በማመስገን ፈንታ ሳቀበት። «በዚህ ቀንበር ከአባቴ ጀምሮ ታርሶበታል። ቁስሉን የምታባብሰው ያቺ ናት» ብሎ ወደ ቡሬ ሻኛ ጠቆመ። ሦስት ወፎች ተሰልፈው ነበር፤ አንዷ ከጆሮው ሥር መዥገር ትነቅላለች፣ አንዷ የቁስሉን ጠርዝ ትጭራለች። እውነት ለመናገር ወፏም ጻድቅ አይደለችም። መዥገሩን ከጨረሰች በኋላ ቁስል ካገኘች ደም ትቀምሳለች። ቁስሉን የከፈተው ግን ቀንበር ነው፤ ቀንበሩን ያልላገው ደግሞ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው።

«ወፏ ባትኖር መዥገሩ ይጨርሰዋል» አለ ዘመኑ።

«ስለ ከብት ከአንተ ልማር?» አለው ገብረማርያም፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

በገበያው ቀን ወረታ ወጣ። ከደብረ ታቦር መገንጠያ አለፍ ብሎ ገመድ፣ ማረሻ፣ ዘርና የተባይ መድኃኒት የሚሸጥ አህመዲን የሚባል ነጋዴ አለ፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ገብረማርያም በደጁ የቆመውን የጭነት መኪና ገላምጦ ገባ።

«የተባይ መድኃኒት ስጠኝ። ጠንከር ያለውን።»

«ለምን ተክል ነው አያ ገብረማርያም?»

«ለበርበሬ» አለ፣ በዕድሜው አንዲት እግር በርበሬ ተክሎ የማያውቀው ሰው።

አህመዲን ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደና ወዲያው አልሰጠውም። «አደራዎን፣ ከከብት ያርቁት። በባዶ እጅዎም አይንኩት፤ ጓንት ይኸውልዎ።»

«ድንገት በሬ ጫንቃ ላይ ጠብ ቢልስ?»

«በብዙ ውሃ ቶሎ ይታጠብ። ዋናው እንዳይልሰው ነው። ከላሰው አይተርፍም።»

ገብረማርያም ሱቁ እስኪያስተጋባ ሳቀ። «በሬ የራሱን ጫንቃ ሲልስ አይተህ ታውቃለህ?» አለው። ሱቅ ውስጥ ተወልዶ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ስለ በሬ ሲመክረው ደነቀው። ጓንቱን እባንኮኒው ላይ ትቶት ወጣ። በመንገድ ላይ አባባሉን ለራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመው፤ እቤት ሲደርስም ከከብቶቹ በር ቆሞ «በሬ የራሱን ጫንቃ አይልስም» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ማናዬ ከውስጥ ሰማችው። የምን ወሬ እንደሆነ አልገባትም።

ብልሃቱን ይኸውና። መድኃኒቱን ብቻውን ቢቀባው ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ከማናዬ ጋን አጠገብ የተቀመጠውን የቅቤ ቅል አነሣ። አባቱ ደግሞ የቀንበር ቁስል በጨው ያሽ ነበር፤ ስለዚህ አንድ እፍኝ ጨው ጨመረበት። ቅቤውን፣ ጨውና መርዙን እዚያው ቅል ውስጥ በእንጨት አማስሎ በቁስሉ ዙሪያ፣ በጠጉሩ ላይ፣ ወፏ ምንቃሯን የምትሰድበት ቦታ ሁሉ ለቀለቀው። ማናዬ ቅሉን ባዶ አግኝታ ስትጠይቀው «ለበሬው ቁስል ነው» አላት። ይህ ሰው ለሌላ ፍጡር ቅቤ ሲያወጣ አይታ ስለማታውቅ ነገሩ ገረማትና «ደግ አደረግህ» አለችው።

ጠዋት ወፎቹ መጡ። ፀሐይ ሁለት ክንድ ሳትወጣ ሰባት ወፎች ቡሬ ከታሰረበት ግንድ ሥር ወድቀው ነበር፤ ቀይ ምንቃራቸው በቅቤ ወዝቶ፣ እግራቸው ወደ ላይ። ገብረማርያም በእግሩ እየገፋ ወደ ቦዩ ጣላቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ቡሬ ራሱ ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፤ እርሱ ግን ወፎቹን እንጂ በሬውን አላየም።

ዘመኑ ዳልቻን ነድቶ መጣ። የቡሬን ጫንቃ አይቶ «ምን ቀቡት?» አለ።

«መድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

«የሚያድን መድኃኒት ነዋ። ጥመድ፤ ቀኑ ሄደ።»

ዘመኑ ጓጎላው እንኳ እንዳይነካው ብሎ ቀንበሩን በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለና ጠመደ። እስከ ረፋድ አረሰ። ገብረማርያም ዋርካው ሥር ነበር። ሦስት ትልም ሲቀር ዘመኑ በሬዎቹን ለማሳረፍ በቀንበራቸው እንዳሉ አቆማቸውና ውሃ ሊጠጣ ወደ ቅሉ ሄደ።

ሰባት ዓመት ባንድ ቀንበር የዋሉ በሬዎች ሲያርፉ የሚያደርጉትን ማንም አራሽ ያውቀዋል። ዳልቻ አንገቱን ወደ ቡሬ መለሰ፤ ጨዉ ሸተተው፤ ምላሱን አውጥቶ የቡሬን ጫንቃ ቀስ እያለ ይልስ ጀመር።

ገብረማርያም አየው። በክርኑ እንደተደገፈ ቀና አለ። የአህመዲን ቃል ትዝ አለው፤ አንድ ቃል ብቻ መናገር ነበረበት። ግን ቢናገር ማረሱ ይቆማል፤ መርዙን እርሱ እንደቀባ ይታወቃል፤ በሬዎቹን ወንዝ ወስደው ሲያጥቡ ቀኑ ያልቃል፣ ተራውም ይቃጠላል። ሦስት ትልም ነው የቀረው። ትንሽ ብቻ ነው የላሰው፣ አለ በልቡ። ከዚያም ሌላ ትንሽ ላሰ።

ዘመኑ ውሃውን ጠጥቶ ሲመለስ ዳልቻን አይቶ ፈገግ አለ። «ወንድማማቾች ሆኑ እኮ» አለ። ሦስቱን ትልም አረሰ። ሦስተኛው ሲያልቅ ዳልቻ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ዘመኑ ቀንበሩን ፈትቶ የዳልቻን ራስ ታቀፈ። አረፋው በእጁ ላይ ወረደ፤ በሬው ከሻኛው እስከ ታፋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤት ወተት ይዞ ሮጠ፤ የከብት ሐኪም ከወረታ በሞተር ሳይክል ተነሣ። ሐኪሙ ሲደርስ ዳልቻ አልቆ ዘመኑ ዓይኑን ሊከድንለት ይታገል ነበር። የበሬ ዓይን ግን አይከደንም። ሐኪሙ የበሬውን አፍ አሽትቶ «ይህ መርዝ ነው፤ ሥጋውን ማንም እንዳይነካ» አለ። ዘመኑ ያን ቀን ሰው ፊት አለቀሰ።

ገብረማርያምስ? ዓይኑን በጨው ታጥቦ ብቅ አለ። «ወፏ ናት» አለ። «ከየሜዳው የመርዝ ጥራጊ ትለቅማለች። እኔ ስንት ጊዜ ተናገርሁ፣ ማን ሰማኝ?» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። እከኩን የተሸከመችው ወፍ ደግሞ ቦይ ውስጥ ተጋድማ ለራሷ መናገር አትችልም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ሞፈር አይነሣምና ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጠ። በመካከል ቄስ ደብሬ ነበሩ። ዘመኑ አጭር ተናገረ፦ በሬዬ ጤነኛ ሆኖ ወጣ፣ በአያ ገብረማርያም ማሳ ላይ ሞተ፣ ምን እንደገደለው ማወቅ እፈልጋለሁ። ገብረማርያም ደግሞ ረጅም ተናገረ። ከቦዩ ያነሣትን አንዲት ወፍ በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ ነበር፤ ፈቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጋት። «ይቺው ናት። በራሷ መርዝ እሷም ሞተች» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ።

ማናዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በእጇ ባዶ የቅቤ ቅል ነበር።

«ይህን ቅል ድመቴ ልሳ በዚያው ዕለት ሞተች» አለች። ድምጿን አላነሣችም። «ቅቤውን ለበሬው ቁስል ነው ብሎኝ ነበር። እኔም መርቄዋለሁ። ከዚያ በፊት ከከብቶቹ በር ቆሞ በሬ የራሱን ጫንቃ አይልስም ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ገባኝ።»

«አንቺ ሴት» አለ ገብረማርያም።

ቄስ ደብሬ ወፏን ትተው እርሱን አዩት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዘመኑ በሬ ሲልሰው አይተሃል?»

ገብረማርያም ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሴቶቹን አየ፤ በመጨረሻ ዘመኑን አየ። የመዋሸት ችሎታው በዚያች ሰዓት ከዳው። ያለውን ሲል ራሱም እንደ ማስረዳት ነበር የመሰለው።

«ሦስት ትልም ብቻ ቀርቶ ነበር» አለ።

ዘመኑ ተነሣና ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ቆመ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የዚህ ሰው ክፋት ግን መከራው ሌላ ሰው ቤት ሄዶ መውደቁ ነው። ሽማግሌው ብዙ አልመከረም። ቡሬ ለዘመኑ ይሰጥ ተባለ። ገብረማርያም «በሬዬን?» ሲል ማናዬ ቀደመችው። «የአባቴ ላም ዘር ነው፤ ሰጥቻለሁ» አለች።

ቡሬ ከተቀባ በኋላ ለሁለት ቀን ለሃጩ ሲዝረበረብ ቆይቶ ድኖ ነበር። ዘመኑ ወንዝ ወስዶ ጫንቃውን እስኪነጣ አጠበው፤ ቁስሉም እስኪያገግም ከቀንበር ራቀ። ሲያገግም ከጎረቤቱ ከአያ አሸናፊ በሬ ጋር ጠምዶት የራሱን ማሳ ለመጨረስ ግን ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ርብም ደፍርሶ እየሞላ ነው። ሌላም ጣጣ መጣ። ሰባቱ ከሞቱ ወዲህ ሌሎቹ ወፎችም ከዚያ ሰፈር ጠፉ። ከዝናቡ ጋር የፈላው መዥገር የቡሬን ጆሮ፣ ብብትና የጭራውን ሥር እንደ ባቄላ ሞላው። ዘመኑ ለእርሻው ሲሯሯጥ መዥገር መልቀም አይደርስለትም።

የገብረማርያም መሬት ግማሹ ሳይታረስ ቀርቷል። በሬ የሌለው ሰው በዚህ አገር አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ ሁለት ቀን በጉልበቱ ሠርቶ አንድ ቀን ያሳርሳል። እስከ መጨረሻው ታግሎ፣ ሦስት ሰዎች ጋ ሄዶ፣ ሦስቱም «ወገብዎን ያምዎታል» ካሉት በኋላ በዘመኑ በር ላይ ቆመ። ነጠላውን አጣፍቶ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ሰው በር ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ነው።

«ምን ልሥራልህ?» አለ።

ዘመኑ እንደ ልማዱ ረዘም አድርጎ አሰበ። ሊያባርረው ይችል ነበር፤ ብዙ ሰው ቢያባርረው ይወድ ነበር። ግን የማናዬን ልጆች አሰበና ወደ ቡሬ ጠቆመ።

«መዥገሩን ይልቀሙለት» አለ። «የርስዎን መሬት ከኔ ቀጥሎ አርሳለሁ።»

እነሆ ሥራ ወዳዱ ገብረማርያም ጠዋት ጠዋት ወደ ዘመኑ ቤት ይሄዳል። ወገቡ አላመመውም፤ ወይም አሞት አልተናገረም። ቡሬ ተኝቶ ሲያመሰኳ እርሱ ጎኑ ላይ ተደፍቶ፣ ጆሮውን ገልጦ፣ መዥገሩን በሁለት ጥፍሩ እየነቀለ አመድ ባለበት ገል ውስጥ ይጥላል። አንዳንዱ አልነቀል ይለዋል። ወፏ ይህን ሁሉ በአንድ ምንቃር ታደርገው ነበር፤ እርሱ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በመንገድ የሚሄድ ሰው ሲያየው እንዳላየ ያልፋል። ድንጋይ የሚወረውርበት የለም።

በሦስተኛው ጠዋት ከጫንቃው አጠገብ፣ ቅርፊት በያዘው ቁስል ጠርዝ ላይ፣ አንድ ትልቅ መዥገር አየና እጁን ሰደደ። ዘመኑ ቀንበር እየላገ ነበር። ቀና አላለም።

«አያ ገብረማርያም» አለ፣ «ቁስሉን እንዳይነኩት።»

ገብረማርያም እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጭራው ሥር ዞረ።